ባቲ ማለት ሲገባኝ

በሩ ሲከፈት መጀመሪያ የተቀበለኝ ሽታው ነው። ክፍሉ ድሮ የማዳበሪያ መጋዘን ነበር። ማዳበሪያው ተጭኖ ከሄደ ቆይቷል፤ ሽታው ግን ግድግዳው ውስጥ ገብቶ ቀርቷል። ዓይን ያቃጥላል፣ ጉሮሮ ያደርቃል። ወለሉ ሲሚንቶ ነው። ሴቶቹ ባዶ ጆንያ አንጥፈው ተቀምጠዋል። አንዷ ወጣት ጠጋ ብላ ቦታ ለቀቀችልኝና፣ «ግቢ እህቴ፣ እዚህ ጋ ነፋስ አለ» አለችኝ። ነፋስ አልነበረም። ደግ ለመሆን ያላት ነገር ያ ብቻ ነበር።

የያዙኝ ከሚሴ፣ ሱቄ በር ላይ ነው። ሳሙና፣ ክብሪትና የፕላስቲክ ጫማ እሸጣለሁ፤ እሑድ እሑድ ዕቃዬን ጭኜ ሰንበቴ ገበያ እወርዳለሁ። አንድ ሰው ብዙ ጫማ በአንዴ ገዝቶኝ ነበር። ያ ጫማ ጫካ ላሉ ሰዎች ሄደ ተባለ። ጫማ ሻጭ ጫማው ማን እግር ላይ እንደሚውል አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው ቁጥሩን ነው። ይህንኑ ነገርኳቸው።

ያን ዕለት ያስጨነቀኝ ግን ጫማው አልነበረም። ጓዳ ውስጥ ከሰል አቀጣጥዬ ሽሮ ጥጄ ነበር። ልጆቼ ትንንሾች ናቸው፤ ትልቋ ገና ስምንተኛ ክፍል ናት። አባታቸው የጅቡቲ መስመር ሹፌር ስለሆነ ቤት የሚገኝበት ቀን ጥቂት ነው። «አንድ ጊዜ ልመለስ፣ ከሰሉን ወደ ውጭ ላውጣው፤ ልጆቹ በር ዘግተው ይተኛሉ» አልኳቸው።

«ጎረቤት ያወጣዋል» አለኝ አንዱ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ መኪናው ላይ ስወጣ የቀሚሴ ጫፍ በሩ ላይ እንዳይያዝ ሰብስቦልኛል። ከሰሉን ግን ሳላየው ሄድኩ።

እኔ እንዲህ ያለሁ ሰው ነኝ። ለልጅ የሳል ሽሮፕ ስሰጥ ክዳኑ ላይ ያለችውን መስመር ደጋግሜ በብርሃን አያለሁ። በር ቆልፌ መንገድ ከጀመርኩ በኋላ ተመልሼ እጀታውን እነካለሁ። የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው፤ የማላውቀው ነገር ብዙ እንደሆነ ስለማውቅ በጥንቃቄ ነው የምኖረው። እና ያ ከሰል እዚያ መጋዘን ውስጥ ሲጨስብኝ ከረመ። በኋላ ምሳ ዕቃ ሲገባልኝ ጠባቂው በሩን ከፍቶ ግራ በተጋባ ፊት፣ «ልጅሽ "ከሰሉን አውጥቻለሁ በልልኝ" ብላለች። ምን ማለት ነው? ምልክት ነው?» አለኝ።

«ከሰል ነው ልጄ። ከሰል ብቻ ነው» አልኩት።

ሴቶቹ ሳቁ። እኔ አለቀስኩ። ይሁን እንጂ በከሰሉ ሰበብ የሄደው እንቅልፌ አልተመለሰም። አንዴ ከሄደ፣ ምክንያቱ ቢጠፋም እሱ አይመጣም።

ከጎኔ የምትተኛው ሴት ከሰንበቴ በላይ ካለ ቀበሌ የመጣች ባልቴት ነበረች። ኦሮምኛ እንጂ አማርኛ አታውቅም፤ ከሰላምታ አታልፍም። እኛ «አዮ» እንላታለን፣ እናቴ እንደማለት ነው። የተያዘችው በልጇ ነው። በሰንበቴ ገበያ ቀን መንገድ ተዘግቶ ተኩስ ነበር፤ ልጇ ከዘጉት መሀል ነበር አሉ። እሷ ደግሞ፣ ያን ቀን ልጄ ባቲ ነበር ትላለች። ፍየል ሊገዛ ቅዳሜ በጭነት መኪና ሄዶ፣ ባቲ እህቷ ቤት አርፎ የሰኞውን ገበያ እየጠበቀ ነበር። ይህን ታሪክ ስንት ጊዜ ነገረችኝ! የመኪናውን ቀለም፣ የተሸከመውን ስንቅ፣ እህቷ ያነጠፈችለትን ቁርበት ሳይቀር አውቀዋለሁ። በሌላ ሰው ልጅ ታሪክ ውስጥ እንደ ራሴ ቤት እገባና እወጣ ነበር።

መርማሪው ከሌላ አካባቢ የመጣ ወጣት ስለነበር ኦሮምኛ አያውቅም። አስተርጓሚው ለሥራ ወጥቷል ተባለ። ጠባቂው መጥቶ፣ «ሁለቱንም ቋንቋ አጣርታ የምትችል አለች?» ሲል ሁሉም ወደ እኔ አዩ። ባልቴቷ እጄን ያዘችና፣ «እሷ ታውቃለች» አለች በኦሮምኛ። ቀጠሮው ለነገ ጠዋት ሆነ።

ያን ቀን ከሰዓት ከጤና ጣቢያ አንዲት ሲስተር መጥታ ነበር። ዓይኔን አይታ፣ «ስንት ቀን ሆነሽ ሳትተኚ?» አለችኝ። አላውቀውም አልኳት። ከቦርሳዋ ሁለት ኪኒን አውጥታ በወረቀት ጠቀለለችልኝ።

«ማታ አንዱን ዋጪው። ትተኛለሽ። ነገ ጠዋት ግን ጠንቀቅ በይ። ደህና ነኝ ብትይም አትመኚው፤ ከእሳትና ከስለት ራቂ።»

«በግማሽ ልዋጠው?»

«ምነው፣ ፈራሽው እንዴ?»

«የነገው ቀን ያስፈልገኛል።»

«ለነገው ብለሽ ነው መተኛት ያለብሽ» አለችኝ። እውነቷን ነው ብዬ ሙሉውን ዋጥኩት።

ጠዋት ስነሳ ሰውነቴ ቀሎኛል። ከተያዝኩ ጀምሮ ደረቴ ላይ የተቀመጠው ነገር የለም። ስለ ልጆቼ ሳስብ እንኳ ጭንቀቱ ሩቅ ነው፣ የሰው ጭንቀት ይመስላል። አልሀምዱሊላህ፣ እንቅልፍ ማለት ይህ ነው አልኩ። ሱብሂ ሰግጄ ሳሰላምት ያቺ ቦታ የለቀቀችልኝ ወጣት አፏን ይዛ ትስቃለች። ከሚሴ ፀጉር ሠሪ ነበረች፤ ስልኳ ውስጥ በተገኘ ፎቶ ነው የገባችው።

«እህቴ፣ ሱብሂ ሦስት ረከዓ የሆነው ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ሁለት ነው የሰገድኩት።»

«ሦስት! ለመግሪብ ቀብድ ከፍለሽ ነው እንጂ።»

ሁላችንም ሳቅን። እኔም ሳቅኩ፣ ደግሜም ሰገድኩ። የሲስተርን ምክር ግን አልረሳሁም ነበር። ለሽንኩርት የምንጠቀምባትን ስለት ሲያቀብሉኝ፣ «ዛሬ አልይዝም» ብዬ መለስኩ። ሻይ ከሚፈላበት ምድጃ ርቄ ተቀመጥኩ፤ ሻዬንም ልጅቷ እንድትቀዳልኝ አደረግሁ። በጣም ተጠንቅቄ ነበር። የተጠነቀቅኩት ግን እጄን ብቻ ነው።

ጠርተውን ገባን። ክፍሉ ውስጥ ጠረጴዛ፣ ፔርሙስና ያለፈ ዓመት የቀን መቁጠሪያ ነበር። መርማሪው ለባልቴቷ ወንበር ሳበላትና፣ «ይቀመጡ እማማ» አላት። ከዚያ ጥያቄውን ለእኔ እየነገረኝ ሥራ ጀመርን። ስሟን፣ ቀበሌዋን፣ የልጆቿን ነገር አስተረጎምኩ። ነገሩ ቀላል ነበር። አንድ ነገር ብቻ ትዝ ይለኛል፤ የምትናገረው ቃል ጆሮዬ ከደረሰ በኋላ ልቤ እስኪደርስ ትንሽ ይቆያል። እኔም ቃሉ እስኪደርስ ሳልጠብቅ እናገራለሁ። ሱቅ ውስጥ ደክሞት ሳሙና ሲጠየቅ ክብሪት የሚያቀብል ሰው አለ አይደል፤ እጁ ዕቃው ያለበትን ያውቃልና ራሱ ይሄዳል።

«በዚያ ዕለት ልጅዎ የት ነበር?» አለ መርማሪው።

ባልቴቷ እንደ ወጉ ከሥሩ ጀመረች። ቅዳሜ ከቤት ሲወጣ፣ መኪናው፣ ስንቁ። እኔም እከተላለሁ። «ቅዳሜ ከቤት ወጣ። በጭነት መኪና ሄደ። እህቷ ቤት አረፈ። እዚያ ሆኖ የሰንበቴን ገበያ ይጠብቅ ነበር።»

እንዲህ አልኩ። መናገሬን አልሰማሁትም። የሰንበቴ ገበያ ማለት አፌ ለዓመታት ሲመላለስበት የኖረ ነገር ነው፤ መንገዱን ራሱ ሄደ።

ባልቴቷ ዞር ብላ አየችኝ። የቦታ ስም በአማርኛም በኦሮምኛም አንድ ነው፤ ሰምታዋለች። ዓይኗን አይቼ፣ ደክሟት ነው አልኩ በልቤ፣ ፈገግም አልኩላት። እሷም አንገቷን ዝቅ አደረገች። መርማሪው የጻፈውን ቶሎ ቶሎ አነበበው፤ እኔም «ልክ ነው» አልኩ። ከዚያ አውራ ጣቷን ቀለም ውስጥ ነክሮ ወረቀቱ ላይ ጫነው።

ነገሩን የሰማሁት ከሰዓት በኋላ፣ ጆንያችን ላይ ተቀምጠን ቀለሙን ከጣቷ በምራቅ እየጠረገች ሳለ ነው። ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ኢንተለ ኮ፣ ልጄ፣ ባቲን ለምን ሰንበቴ አልሽው?» አለችኝ።

«አላልኩም» አልኩ።

«ብለሻል።»

«ወላሂ አላልኩም አዮ።»

ጣቷን መጥረጓን ቀጠለች። ያኔ የራሴ ድምፅ መጣልኝ። «የሰንበቴን ገበያ ይጠብቅ ነበር።»

«ታዲያ ስትሰሚ ለምን አላስቆምሽኝም?»

ገርሟት አየችኝ። በእኛ አገር ሽማግሌ ፊት ስትቀርቢ ቃልሽን ለምትተማመኚበት ሰው ትሰጫለሽ፤ ሲናገርልሽ በባዕድ ፊት አታቋርጪውም፣ አታዋርጂውም። ይህን እኔም አውቃለሁ፤ አባቴ ስንት ጊዜ ለሰው ሲናገር አይቼ አድጌያለሁ። እሷ ግን ከዚያም በላይ አመነችኝ።

«አንቺ ከተሜ ነሽ» አለችኝ። «ንግግሩን ታውቂበታለሽ። ለልጄ የሚበጅ ነገር አይተሽ ነው ብዬ ዝም አልኩ።»

ተነስቼ በሩን ደበደብኩ። ጠባቂው መጥቶ፣ «ምን ሆንሽ? መርማሪው ወጥቷል፣ ነገ» አለኝ። መልሼ ደበደብኩ። መልሶ «ነገ» አለኝ።

ፀጉር ሠሪዋ እጄን ይዛ አስቀመጠችኝ። «ስሚ እህቴ። ነገ ትወጫለሽ መባሉን ጠባቂው ራሱ ነግሮናል። ልጆችሽም ተልኮባቸዋል። አሁን ሄደሽ ውሸት አስተርጉሜያለሁ ካልሽ ማን ያስወጣሻል?»

«ውሸት አይደለም፣ ተሳስቼ ነው።»

«እነሱ ዘንድ ልዩነቱ ምንድን ነው?»

ባልቴቷ በአማርኛ የምንለውን ባትሰማም ፊታችንን ታነባለች። «አብሽሪ» አለችኝ፣ በርቺ እንደማለት፤ ጀርባዬንም ደባበሰችኝ። ያ እጅ ከሚከብድብኝ ነገር ሁሉ በላይ ከበደኝ። ያን ማታ የተረፈኝን ኪኒን አልወሰድኩም።

ጠዋት መርማሪው ለብቻዬ አስጠራኝ። ፊቱ ቀለል ብሎ ነበር። «ያንቺ ጉዳይ አልቋል እህቴ። እዚህ ጋ ፈርሚና ሂጂ፣ ልጆችሽ በር ላይ ናቸው።» እስክሪብቶውን ዘረጋልኝ።

አልተቀበልኩትም። «በፊት የእናትየው ቃል ይታረም» አልኩት። «ትናንት ባቲ ነው ያለችው። ሰንበቴ ያልኩት እኔ ነኝ።»

«እንዴት ነው ባቲ ሰንበቴ የሚሆነው?»

«ማታውን የእንቅልፍ ኪኒን ውጬ ነበር። ደህና የሆንኩ መስሎኝ ነው የቀረብኩት። አልነበርኩም።»

ወንበሩ ላይ ወደ ኋላ ተደገፈ። «ሌሊቱን ተማከራችሁና ጠዋት ኪኒን ሆነ። ትናንት ልክ ነው ያልሽኝ አንቺ ነሽ። ዛሬም ልክ ነው የምትዪኝ አንቺ ነሽ። የትኛዋን ልመን?»

ጥያቄው ትክክል ነበር። «የትኛዋንም አትመን» አልኩት። «አስተርጓሚህ ሲመጣ እሷን ጠይቃት፤ እኔን ለብቻዬ ጠይቀኝ። ባቲ እህቷ አለች፣ እሷም ትጠየቅ።»

«እስከዚያ አንቺም እዚህ ነሽ ማለት ነው።»

«እሽ።»

«ልጆችሽ በር ላይ ናቸው አልኩሽ እኮ።»

«ሰምቻለሁ» አልኩት።

ልጆቼ የዒድ ልብሳቸውን ለብሰው ነበር የመጡት። ትልቋ፣ እናታችን ትወጣለች ብላ አሳምራቸው፣ የትንሹን ፀጉር ቅባት ቀብታ። ይህን ያወቅኩት በኋላ ከራሷ አፍ ነው። እስኪመሽ ቆመው ተመለሱ። ለአንዲት እናት ያጠፋሁትን ለማቅናት ብዬ የራሴን ልጆች በር ላይ አቆምኳቸው፤ ከሁለቱ የትኛው እንደሚብስ እስከ ዛሬ አልለየሁም።

አስተርጓሚው የመጣው ከቀናት በኋላ ነው፣ የቢሮ ሰው፣ ሸሚዙን የተኮሰ። መጀመሪያ እኔን ለብቻዬ ጠየቁኝ። ከዚያ ባልቴቷን አስገቡና፣ እኔን ከእሷ ጋር ሊያስተያዩኝ በሩ ሥር አቆሙኝ። አስተርጓሚው በጥሩ ኦሮምኛ ሰላም አላት፣ ቤተሰቧን ጠየቃት። ሁሉንም «ነጋ፣ ነጋ»፣ ሰላም ነው፣ ብላ መለሰችለት። ወደ ነገሩ ሲገባ ግን እጇን ወደ እኔ ዘረጋችና፣ «አፋን ኮ ኢሼዳ» አለች።

«ምን አሉ?» አለ መርማሪው።

አስተርጓሚው ጉሮሮውን ጠረገ። «አፌ እሷ ናት ይላሉ። እሷ ትናገርልኝ ነው የሚሉት።»

«ያበላሸችባቸው እሷ አይደለች?»

ሲነገራት ባልቴቷ እንደ መሳቅ አለች። «ምላሴን ስንት ቀን ነክሼው አውቃለሁ» አለች። «በሰው ምላስ ግን በልቼ አላውቅም።»

አስተርጓሚው ሳይፈልግ ሳቀ። መርማሪው ሲተረጎምለት አልሳቀም፤ ግን እጁን አወዛወዘ፣ ትናገር እንደማለት። «አንተ አዳምጥ፣ ከሳተች አስቁማት» አለው።

ወደ ጠረጴዛው ቀረብኩ። እሷ ትናገራለች፣ እኔ ቃሉ ልቤ እስኪደርስ እጠብቃለሁ፣ ከዚያ እናገራለሁ። ቅዳሜ ወጣ። በጭነት መኪና ሄደ። እህቷ ቤት አረፈ። እዚህ ጋ ስደርስ ቆምኩና ዓይኗን አየሁ።

«የባቲን» አልኩ። «የባቲን ገበያ ይጠብቅ ነበር።»

አንገቷን ነቀነቀች። አስተርጓሚው አላስቆመኝም።

መርማሪው አዲሱን ወረቀት ጽፎ ከአሮጌው ጋር በስፒል አያያዘው። «የፊተኛው ይቀደድልኝ» አልኩት። «አይቀደድም፣ አሠራሩ አይደለም» አለኝ። ሁለቱ አንድ ላይ ፋይል ውስጥ ገቡ፤ ሰንበቴው ከባቲው ሥር።

እኔ ከዚያ ብዙ ሳልቆይ ወጣሁ። እሷም ቆይታ ወጣች። ልጇ ግን ከባቲ ሲመለስ መንገድ ላይ ተይዞ ኖሯል፤ ለረጅም ጊዜ ታስሮ ነው የተፈታው። የፊተኛው ወረቀት ከመታረሙ በፊት የሆነ ሰው እጅ ደርሶ ይሁን፣ ወይ በሌላ ምክንያት፣ የነገረኝ የለም። የምጠይቀውም ሰው የለኝም።

ከመውጣቴ በፊት ሲስተርን አግኝቻት ነበር። «ደህና ነኝ ብዬ ነበር እኮ» አልኳት። «ደህና ነኝ ማለቱም ከኪኒኑ ነው፣ ነግሬሽ ነበር» አለችኝ። ነግራኛለች። እኔ ከእሳትና ከስለት ነው የራቅኩት።

አንድ እሑድ ሰንበቴ ገበያ ዕቃዬን ዘርግቼ ሳለሁ ባልቴቷ መጥታ ፊቴ ቆመች። ተነስቼ አቀፍኳት። «አፉ በይኝ» አልኳት፣ ይቅር በይኝ፤ ከዚያ በፊትም ስንት ጊዜ ብያታለሁ። «አብሽሪ» አለችና ጎንበስ ብላ ጫማዎቹን ታገላብጥ ጀመር። ለልጇ ነው። ጫማ ሻጭ የሚጠይቀውን ጠየቅኳት፣ ቁጥሩን።

«ድሮ አርባ አንድ ነበር» አለች። «አሁን እግሩ አብጧል፤ ከፍ ያለውን ስጪኝ።»

አርባ ሦስቱን አውጥቼ ሰጠኋት። ጫማውን ስትቀበለኝ ጣቶቼን ትንሽ ይዛ ቆየች።

አሁን ከሚሴ ነኝ፣ ሱቄ ውስጥ። ልጆቼ ደህና ናቸው። አንዱ ሲያስለው መድኃኒት ቤት እሄዳለሁ፤ ሻጩ መድኃኒቱን ከፍ አድርጎ፣ «ይሄ ሌሊቱን ያስተኛዋል» ይለኛል። እኔ ሁልጊዜ፣ «ነገ ጠዋትስ?» እላለሁ። «ነገማ ደህና ይሆናል» ይለኛል። ደህና የሚሆነው በሚያየው ሰው ዓይን ነው ወይስ በራሱ በልጁ ስሜት እንደሆነ ልጠይቀው እፈልጋለሁ፤ ይስቅብኛል ብዬ እተዋለሁ። ፈተና ባለበት ቀን ዋዜማ ግን ያን ሽሮፕ አልሰጣቸውም፤ ሲያስሉ አብሬያቸው ነቅቼ አድራለሁ።

ሱቄ ከሚኒባሶቹ መቆሚያ ፊት ለፊት ነው። ጠዋት ጠዋት ረዳቱ በሩን እየደበደበ፣ «ኮምቦልቻ! ባቲ! አንድ ሰው የቀረው! ባቲ!» እያለ ይጮኻል። ምንም ሥራ ላይ ብሆን እጄን አቆማለሁ። ቃሉ ልቤ እስኪደርስ እጠብቅና፣ ቀስ ብዬ ለራሴ እመልሰዋለሁ። ባቲ።